የአሜሪካን ሕገ መንግሥት ስናስተምር የእኛን አንቀጽ አጠገቡ እንዘርጋ

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ
ባሕር ዳር

የአሜሪካ መንግሥት አወቃቀርና ሕገ መንግሥታዊ መብቶች በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ፣ በተማሪዎች ክበብና በጋዜጣችሁ የውጭ ዜና ገጽ ደጋግመው ይነሣሉ። መነሣታቸው ደግ ነው። የሚቀርቡበት መንገድ ግን ተማሪውንም አንባቢውንም በባዶ እጁ ይመልሰዋል። ተማሪው ሦስት ክብ ይሥላል፤ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ ብሎ ይጽፋል፤ በመካከላቸው ቀስት ያደርግና ፈተናውን ያልፋል። «ፕሬዚዳንቱ ሳይፈርም ያቆየው ረቂቅ ምን ይሆናል?» ሲባል ግን መልስ የለውም። «የመናገር ነፃነት የሚከለክለው ማንን ነው?» ሲባልም «ሁሉንም» ይላል። ይህ ስሕተት ነው።

መብት በዝርዝር ተሸምድዶ አይገባም። የምንለው ይህ ነው፦ እያንዳንዱ ድንጋጌ በአራት ጥያቄ ይፈተሽ። ባለመብቱ ማን ነው? የተከለከለው ወይም የታዘዘው ማን ነው? የተከለከለው ነገር በትክክል ምንድን ነው? ቢጣስስ ወዴት ይኬዳል፣ ምንስ ይገኛል? የአሜሪካው ድንጋጌ ደግሞ ብቻውን አይነበብ። የእኛው ሕገ መንግሥት አቻ አንቀጽ አጠገቡ ይዘርጋ። አንድ ወረቀት ለሁለት ተከፍሎ፣ በስተግራ የእነሱ፣ በስተቀኝ የእኛ፣ ከታች አራቱ ጥያቄዎች። ለ65 ተማሪ 33 ቅጂ ይበቃል፤ ሁለት ሁለት ሆነው ያነቡታል።

ከቃላት እንጀምር፤ ግማሹ ግራ መጋባት ከዚያ ይመጣል።

የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «ሰባት አንቀጽ» ነው ይባላል። የእኛው 106 አንቀጽ ስላለው ተማሪው የእነሱን የአንድ ገጽ ወረቀት አድርጎ ይገምተዋል። የእነሱ «አንቀጽ 1» ብቻውን አሥር ክፍሎች አሉት፤ ከመጀመሪያው ጽሑፍ ግማሽ ያህሉን የያዘው እርሱ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ሕግ አውጪው ስለ ኮንግረስ ብቻ ነው። በእኛ አነጋገር ምዕራፍ ይባል ነበር። ስለዚህ «በአንቀጽ 1 መሠረት» ብሎ ማለፍ ከንቱ ነው፤ «አንቀጽ 1 ክፍል 8» ተብሎ ይጻፍ።

«ማሻሻያ» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል። ተማሪው የተሻሻለውን ዐረፍተ ነገር በዋናው ጽሑፍ ውስጥ ይፈልጋል፤ አያገኘውም። አሜሪካኖች የቀድሞውን ቃል አይፍቁም፤ አዲሱን ከመጨረሻው ይቀጥሉበታል። አልኮል መጠጥ መሥራትንና መሸጥን የከለከለው 18ኛው ማሻሻያ እ.ኤ.አ. በ1919 ጸደቀ፤ በ1933 በ21ኛው ተሻረ፤ ሁለቱም ግን ዛሬም በጽሑፉ ውስጥ ተከታትለው ይነበባሉ። በ1789 ከቀረቡት 12 ማሻሻያዎች 10ሩ ዲሴምበር 15 ቀን 1791 ጸንተው የመብቶች ሰነድ የሚባለው ሆኑ። ከቀሩት ከሁለቱ አንዱ 27ኛው ማሻሻያ ሆኖ የጸደቀው በ1992 ነው። ከቀረበ ከ202 ዓመት በኋላ ማለት ነው። ማሻሻያ ለማጽደቅ የሁለቱም የኮንግረስ ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛ፣ ከዚያም ከ50ው ክፍለ ግዛቶች የ38ቱ ስምምነት ያስፈልጋል። ፕሬዚዳንቱ በዚህ ውስጥ ፊርማም ድምፅም የለውም፤ ይህን ብዙ ማስታወሻ ደብተር ላይ ተሳስቶ አይተነዋል።

«ግዛት» የሚለው ቃል ደግሞ በጋዜጣችሁ ቴክሳስንም ፖርቶ ሪኮንም ይጠራበታል። ልዩነታቸው ግን የሰማይና የምድር ነው። ቴክሳስ ሁለት ሴናተር አላት፣ ፕሬዚዳንት በመምረጥም ድምፅ አላት። ፖርቶ ሪኮ ሴናተር የላትም፤ እዚያ የሚኖሩት ሰዎች ዜጎች ሆነው ሳለ በፕሬዚዳንት ምርጫ ድምፅ አይሰጡም። የመጀመሪያውን «ክፍለ ግዛት»፣ ሁለተኛውን «ግዛት» ብትሉት ይለያል። «ኮንግረስ» ስትሉም የተወካዮቹን ምክር ቤት ብቻ እንዳታስመስሉት፤ ኮንግረስ ማለት 435 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 100 አባላት ያሉት ሴኔት በአንድነት ነው።

የዘመን አቆጣጠርም አለ። የእነሱ ሕገ መንግሥት በፊላደልፊያ የተፈረመው እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 17 ቀን 1787 ነው፤ የእኛው የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም.። ሁለቱን ቁጥር ቀንሶ «ልክ 200 ዓመት» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ አይጠፋም። እውነተኛው ልዩነት 207 ዓመት ነው። «ሴፕቴምበር 17»ን «መስከረም 17» ብላችሁ ከጻፋችሁ ደግሞ አንባቢው በመስቀል ዕለት የተፈረመ ይመስለዋል። የፈረንጁ ወር በፈረንጁ ስም ይጻፍ። ዘመኑን በአእምሮ ለማስቀመጥ ግን አንድ የቅርብ ምልክት አለን፦ እነሱ ሲፈርሙ ከሐይቁ በስተሰሜን ጎንደር ዘመነ መሳፍንት ላይ ነበረች።

አሁን ወደ ዋናው እንግባ፤ ሕግ እንዴት ይወጣል? ይህን በሰሌዳ ላይ ከማስረዳት ተማሪዎቹን ኮንግረስ ማድረግ ይሻላል። 65 ተማሪ ላለበት ክፍል ልኬቱ እንዲህ ነው፦ 40 የተወካዮች ምክር ቤት፣ 20 ሴኔት፣ አንድ ፕሬዚዳንት፣ አንድ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ሦስት ዳኞች። አሥር ክፍለ ግዛቶች ይፈጠሩ፤ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ሴናተር። የተወካዮቹ መቀመጫ ግን በሕዝብ ብዛት ስለሆነ ይበላለጥ፦ 12፣ 7፣ 5፣ 4፣ 3፣ 3፣ 2፣ 2፣ 1፣ 1። ድምሩ 40 ይመጣል። በእውነተኛው ኮንግረስ ካሊፎርኒያ 52 ተወካይ አላት፤ አላስካ፣ ዋዮሚንግና ቬርሞንትን ጨምሮ ስድስት ክፍለ ግዛቶች አንድ አንድ ብቻ አላቸው፤ በሴኔት ግን ሁሉም ሁለት ናቸው።

ሴኔቱን አሥር ሰው አድርገው የሚያሠሩ አሉ፤ ይህ ዋናውን ነገር ይሰውረዋል። በ100ው ሴኔት ተራ አብላጫ 51 ነው፤ አብዛኛውን ረቂቅ ወደ ድምፅ ለማምጣት ክርክር መዝጊያው ግን 60 ነው። በአሥር ሰው ሲቀነስ ሁለቱም ስድስት ይሆናሉ፤ ልዩነቱ ይጠፋል። በ20 ሲሆን ተራው አብላጫ 11፣ ክርክር መዝጊያው 12፣ ቬቶን (የፕሬዚዳንቱን እምቢታ) መሻሪያው 14 ሆኖ ሦስቱም ተለይተው ይታያሉ። በተወካዮቹ በኩል አብላጫው 21፣ ቬቶ መሻሪያው 27 ነው።

ረቂቁ ተማሪው የሚያውቀው ጉዳይ ይሁን። ጣናን እንቦጭ ወርሮታል፤ ስለዚህ ረቂቁ «ሐይቅን ከወራሪ አረም ለማጽዳት ከፌዴራል ግምጃ ቤት ገንዘብ ይመደብ» ይበል። ሐይቅ ያለባቸው ክፍለ ግዛቶች ሦስት ብቻ ይሁኑ። የሌላቸው ወዲያው «እኛ ለምን እንከፍላለን?» ይላሉ፤ ኮንግረስ ማለት እንግዲህ ይሄ ነው። ረቂቁ አራት መስመር ይበቃዋል፦ ማን ያወጣል፣ ለምን፣ ስንት፣ ለስንት ዓመት።

ለተማሪዎቹ ሁለት ዓይነት ቀለም ያለው ወረቀት ማደል ግድ ነው፤ ፓርቲ የሌለበት ጨዋታ ሁሉም እጅ አውጥቶ በአንድ ድምፅ ያልቃል፤ ምንም አያስተምርም። በተወካዮቹ አንዱ ቀለም 21 ለ19 ይምራ፣ በሴኔት ሌላው ቀለም 11 ለ9። ያን ጊዜ ክርክር ለመዝጋት 12 ስለሚያስፈልግ ከወዲያኛው ወገን ቢያንስ አንድ ሰው ማሳመን የግድ ይሆናል።

በዚህ ደረጃ በብዛት የሚበላሸው ይህ ነው። ተወካዮቹ «ለሦስት ዓመት» ብለው ያጸድቃሉ፤ ሴኔት «ለአምስት ዓመት» ብሎ ያጸድቃል፤ መምህሩም ጊዜ ስላጠረው «እሺ፣ አለፈ» ይላል። አላለፈም። ሁለቱ ምክር ቤቶች ያጸደቁት ቃል በቃል አንድ ካልሆነ ወደ ፕሬዚዳንቱ አይሄድም። ወይ አንዱ የሌላውን ይቀበላል፣ ወይ ከሁለቱም የተውጣጣ ኮሚቴ ያስታርቀውና ሁለቱም እንደገና ድምፅ ይሰጡበታል። ግብር የሚጥል ረቂቅ ከሆነ ደግሞ መነሻው የግድ የተወካዮቹ ምክር ቤት ነው።

ፕሬዚዳንቱ እሑድን ሳይጨምር አሥር ቀን አለው፤ በክፍል አሥር ደቂቃ ይሁን። ከፈረመ ሕግ ሆነ። ካልተስማማ ተቃውሞውን በጽሑፍ አድርጎ ረቂቁ ወደ ተነሣበት ምክር ቤት ይመልሳል፤ ፕሬዚዳንት የሆነው ተማሪ ሦስት መስመር ምክንያት የግድ ይጻፍ፤ ዝም ብሎ «አልፈልግም» ማለት የለም። ሁለቱም ምክር ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ከጸኑበት ያለ ፕሬዚዳንቱ ሕግ ይሆናል። ሳይፈርምም ሳይመልስም አሥሩ ቀን ካለፈ ረቂቁ ሕግ ይሆናል። አሥሩ ቀን ሳይሞላ ኮንግረስ ከተበተነና ፕሬዚዳንቱ ካልፈረመ ግን ረቂቁ ይሞታል። በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት መካከል ያለውን ልዩነት ተማሪው በእጁ ካልሠራው አይይዘውም። ሁለት የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ ይፈጃል፤ የመጀመሪያው ለመቀመጫ ድልድሉና ለተወካዮቹ፣ ሁለተኛው ለሴኔትና ለፕሬዚዳንቱ።

ድልድሉ በሰሌዳ ላይ እንዳለ አንድ ነገር አስቆጥሯቸው። ስድስቱ ትንንሽ ክፍለ ግዛቶች በድምሩ 12 ተወካይ አላቸው፤ ትልቋ ብቻዋን 12 አላት። በሴኔት ግን ስድስቱ 12 ድምፅ፣ ትልቋ ሁለት ድምፅ። ክርክር መዝጊያውም 12 ነው። ክፍሉ በሙሉ ይንጫጫል፤ ይንጫጫ። እ.ኤ.አ. በ1787 ትልልቆቹና ትንንሾቹ ጉባኤውን ሊያፈርሱት የደረሱት በዚሁ ስሌት ነውና። ከዚህ ሳይወጡ የፕሬዚዳንት ምርጫውንም ማሳየት ይቻላል፦ በእያንዳንዱ ክፍለ ግዛት ስም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡት ልዩ መራጮች ብዛት የተወካዮቹና የሴናተሮቹ ድምር ነው፤ በክፍላችን 60፣ አሸናፊው 31። በእውነተኛው 538፣ አሸናፊው 270፤ ዋና ከተማዋ ዋሽንግተን በ23ኛው ማሻሻያ ሦስት ስላገኘች ከ535 ወደ 538 ከፍ ብሏል። ከሜይንና ከነብራስካ በስተቀር በየክፍለ ግዛቱ ያሸነፈ ሁሉንም ይወስዳል። በ2000 እና በ2016 በሕዝብ ድምፅ ያነሰው ሰው እንዴት ፕሬዚዳንት እንደሆነ ከዚህ በኋላ ማስረዳት አያሻም፤ ተማሪው ራሱ ያሰላዋል።

ስለ ፌዴራሊዝም ከሐይቁ ዳር የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። ታንኳ ይዞ ዓሣ የሚያሰግር ሰው ፈቃድ ከማን ይጠይቃል? በአሜሪካ ቢሆን የዓሣ ማስገሪያ ፈቃዱን የሚሰጠው ክፍለ ግዛቱ ነው፤ የሐይቁም ወለል በመሠረቱ የክፍለ ግዛቱ ነው። መርከብ በሚሄድበት ውኃ ላይ መተላለፊያ የሚዘጋ ግንባታ ለማቆም ግን የፌዴራሉ መንግሥት ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በክፍለ ግዛቶች መካከል የሚደረግ ንግድ በአንቀጽ 1 ክፍል 8 የኮንግረስ ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም የመርከብ ጉዞ የንግድ አካል ነው ሲል በ1824 ወስኗል። በእኛው ሕገ መንግሥት ከጎኑ አንቀጽ 51 ንዑስ አንቀጽ 11ንና አንቀጽ 52 ንዑስ አንቀጽ 2(መ)ን አንብቡ፦ ድንበር የሚሻገር ወይም ክልሎችን የሚያገናኝ ውኃ አጠቃቀም የሚወሰነው በፌዴራል ነው፤ መሬትንና የተፈጥሮ ሀብትን ክልል የሚያስተዳድረው የፌዴራሉ ሕግ ባወጣው መሠረት ነው። ዓባይ ከጣና ወጥቶ ድንበር ይሻገራል። ታዲያ ሐይቁ የማን ነው? ተማሪው ይህን ተከራክሮ ከወጣ የ«ሥልጣን ክፍፍል»ን ትርጉም መሸምደድ አይኖርበትም።

ወደ መብቶቹ ስንመጣ የመጀመሪያው ማሻሻያ በእንግሊዝኛ 45 ቃል ብቻ ነው፤ የሚጀምረውም «ኮንግረስ ... ሕግ አያወጣም» በሚል ነው። ባለቤቱ ኮንግረስ ነው፤ ግሱ «አያወጣም» ነው። ሃይማኖት፣ ንግግር፣ ፕሬስ፣ ሰላማዊ ስብሰባና አቤቱታ፤ አምስቱም የተጠበቁት ከመንግሥት ነው። የሐይቅ ዳር ሆቴል ሠራተኛ በፌስቡክ በጻፈው ምክንያት በግል ቀጣሪው ቢባረር፣ ጉዳዩ አሜሪካ ውስጥ ቢሆን በዚህ ማሻሻያ መክሰስ አይችልም፤ ሌላ ሕግ መፈለግ አለበት። መጀመሪያ ላይ ክፍለ ግዛቶችን እንኳ አያስገድድም ነበር፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ለመብቶች ሰነድ በ1833 ይህንኑ ብሏል። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ 14ኛው ማሻሻያ በ1868 ጸደቀ፤ ከ1925 ጀምሮም ፍርድ ቤቱ በእርሱ በኩል የንግግር ነፃነትን በክፍለ ግዛቶችም ላይ ማስፈጸም ያዘ። 14ኛውን ሳያስተምሩ የመጀመሪያውን ማስተማር ቁልፍ ሰጥቶ በሩን አለማሳየት ነው።

የእኛው አንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 2 በተቃራኒው ዜጎችን፣ የፖለቲካ ድርጅቶችንና ማኅበራትንም ጭምር ሕገ መንግሥቱን የማክበር ኃላፊነት ይጥልባቸዋል። ስለዚህ «ማን ተከለከለ?» ለሚለው ጥያቄ ሁለቱ ዓምዶች የተለያየ መልስ ይሰጣሉ። ጎን ለጎን ካልተነበቡ ይህ አይታይም።

ተማሪዎችን የሚይዛቸው ጉዳይ የትምህርት ቤቱ ነው። በ1965 በአዮዋ፣ ዴ ሞይን ከተማ ተማሪዎች የቬትናምን ጦርነት በመቃወም ጥቁር ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ገቡ፤ ታገዱ። በ1969 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 7 ለ2 ለተማሪዎቹ ፈረደ። መለኪያው መምህሩ ተናደደ ወይስ አልተናደደ አይደለም፤ ትምህርቱን በእርግጥ አወከ ወይስ አላወከ ነው። ትምህርት ቤቱ የመንግሥት ነበር፤ የግል ቢሆን ኖሮ ፍርዱ በዚህ አይቆምም ነበር።

ስልክ ላይ ጥቂት እንቆይ፤ ለወጣቱ ከዚህ የቀረበ ነገር የለም። በካሊፎርኒያ አንድ ሰው የመኪናው ሰሌዳ ምዝገባ ጊዜው ስላለፈበት ይቆማል፤ በኋላም ይያዛል፤ ፖሊስ ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ ይከፍታል፤ ፎቶዎቹም በሌላ ከባድ ክስ ማስረጃ ይሆኑበታል። በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ አንድ ተቃውሞ ወሰነ፦ የተያዘን ሰው ኪስ መፈተሽ ይቻላል፣ ስልኩን ከፍቶ ለማየት ግን የዳኛ ማዘዣ ያስፈልጋል። በክፍል ስታስተምሩ ሰሌዳ በሌለው ባጃጅ ተክታችሁ አቅርቡት። ተማሪው ሁልጊዜ የሚረሳው ፈቃድን ነው፦ ሰውዬው «እሺ፣ እይ» ካለ ማዘዣ አያስፈልግም። ሕይወት የሚያጠፋ አስቸኳይ ነገር ካለም እንዲሁ። «ቢጣስስ?» ለሚለው መልሱ፣ ያለ ማዘዣ የተገኘው ማስረጃ በወንጀል ክሱ እንዳይቀርብ ተከሳሹ መጠየቅ ይችላል፤ ይህ በክፍለ ግዛት ፍርድ ቤቶችም የጸናው በ1961 ነው።

ከጎኑ የእኛው አንቀጽ 26 ይቀመጥ። ሰውነት፣ ቤትና ንብረት ከመበርበር ይጠበቃሉ፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም አይደፈርም። ንዑስ አንቀጽ 3 ግን ገደብ የሚጣልባቸውን ዓላማዎች ይዘረዝራል፦ ብሔራዊ ደኅንነት፣ የሕዝብ ሰላም፣ ወንጀል መከላከል፣ ጤና፣ የሕዝብ የሞራል ሁኔታ፣ የሌሎች መብት። የእነሱ አራተኛ ማሻሻያ እንዲህ ያለ ዝርዝር የለውም፤ «ምክንያታዊ ያልሆነ» ብርበራ ይከለክላል፤ ማዘዣውም በመሐላ የተደገፈ በቂ ምክንያት እንዲኖረው፣ የሚበረበረውን ቦታ ለይቶ እንዲጠራ ያዛል። እነሱ ገደቡን ለዳኛ ሚዛን ተዉት፤ እኛ ዓላማውን ዘርዝረን ለሕግ አውጪው ሰጠነው። የትኛው ይሻላል ብሎ ማከራከር የአንድ ክፍለ ጊዜ ሥራ ነው፤ ጥሩ ሥራ።

ዝም የማለት መብት በፊልም የተበላሸ ትምህርት ነው። ተማሪው «መብቱ ካልተነበበለት ይለቀቃል» ይላል። አይለቀቅም። በ1966 ሚራንዳ በሚባለው ፍርድ የተወሰነው፣ አንድ ሰው በቁጥጥር ሥር ሆኖ በፖሊስ ሲመረመር አስቀድሞ ዝም ማለት እንደሚችልና ጠበቃ እንዳለው ካልተነገረው የሰጠው ቃል በዐቃቤ ሕግ ማስረጃነት እንዳይቀርብ ነው። ሁለቱም ሁኔታዎች መኖር አለባቸው፦ መያዝም፣ መመርመርም። ሌላ ማስረጃ ካለ ክሱ ይቀጥላል። በ2010 ደግሞ ፍርድ ቤቱ ዝም ያለ ሰው መብቱን መጠቀሙን በግልጽ መናገር አለበት ብሏል።

አሁን አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 2ን ከጎኑ አንብቡ። የእኛው ማስጠንቀቂያ በፍርድ ቤት ውሳኔ የመጣ አይደለም፤ በጽሑፉ ውስጥ ነው፤ የሚሰጠውም ሰውየው መረዳት በሚችለው ቋንቋ፣ እንደተያዘ ወዲያውኑ ነው፤ ምርመራ እስኪጀመር አይጠበቅም። በዚህ ነጥብ ጽሑፋችን ከእነሱ ይቀድማል። ይህን ስናስተምር ልባችን ይሞላል፤ ሳይነገረው ከትምህርት ቤት የሚወጣ ወጣት ብዛት ግን ያሳዝነናል። አራተኛውን ጥያቄ ስታነሡ ደግሞ ጥንቃቄ አድርጉ፦ ንዑስ አንቀጽ 5 ተቀባይነት የለውም ያለው በማስገደድ የተገኘን ማስረጃ ነው። ማስጠንቀቂያው ሳይሰጥ የተገኘ ቃል ምን እንደሚሆን አንቀጹ በራሱ አይናገርም። ተማሪው ሁለቱን ካምታታ የአሜሪካንን ፍርድ በእኛ አንቀጽ ላይ ለጠፈ ማለት ነው።

48 ሰዓትም እንዲሁ ነው። አንቀጽ 19 ንዑስ አንቀጽ 3 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ያዛል፤ ከተያዘበት ወደ ፍርድ ቤቱ ለመምጣት በአግባቡ የሚፈጀው ጊዜ አይቆጠርም። ይህን ለማስላት ከሐይቁ ደሴት የተያዘን ሰው ምሳሌ ስጡ፤ የጀልባው ጊዜ ይቀነሳል፣ ጀልባ ተበላሽቷል ተብሎ የሚታደርበት ሌሊት ግን «አግባብ ያለው» ነው ወይ? በአሜሪካም 48 የሚል ቁጥር አለ፤ በሕገ መንግሥቱ ግን አታገኙትም። በ1991 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያለ ማዘዣ ለተያዘ ሰው ዳኛ በ48 ሰዓት ውስጥ በቂ ምክንያት መኖሩን እንዲያይ አለ፤ ቅዳሜና እሑድም ሰበብ አይሆኑም። ዳኛው የሚያየው ምክንያቱን ነው፤ ሰውዬው ራሱ እንዲቀርብ የግድ አይደለም። ቁጥሩ አንድ፣ ትርጉሙ ሁለት።

ጠበቃ ለማግኘት አቅም ስለሌለው ሰው የእኛው አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 5 ነው፤ የእነሱ በ1963 በጌዴዎን ጉዳይ የመጣ ነው። ሰውዬው በፍሎሪዳ እስር ቤት ሆኖ አቤቱታውን በእርሳስ ጽፎ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ላከ፤ ተፈረደለት፤ በጠበቃ ሲዳኝም ነፃ ወጣ። ወረቀትና እርሳስ ለተማሪ ከመቶ ትርጓሜ ይበልጣል።

ሦስተኛውን ማሻሻያ፣ በሰላም ጊዜ ወታደር በግል ቤት እንዳይሰፍር የሚከለክለውን፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር እለፉት። የጁሪን ዳኝነት ግን አትለፉ፤ በእኛ ፍርድ ቤቶች ስለሌለ ተማሪው ከዳኛው ጋር ያምታታዋል። ጁሪ ተራ ዜጎች ናቸው፤ ፍሬ ነገሩን ይወስናሉ፤ ሕጉን የሚነግራቸው ዳኛው ነው።

ማን ይተረጉማል ለሚለው ደግሞ መልሱ ፈጽሞ ይለያያል። በአሜሪካ ከ1803 ጀምሮ ማንኛውም ዳኛ፣ ታችኛው ፍርድ ቤት ያለውም ቢሆን፣ ሕገ መንግሥቱን የሚቃረን ሕግ በፊቱ ባለው ጉዳይ አይሠራም ማለት ይችላል፤ የመጨረሻው ቃል የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዘጠኝ ዳኞች ነው። በእኛ በአንቀጽ 62ና 83 መሠረት ሕገ መንግሥት የሚተረጉመው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጉዳዩን የሚያጠራው 11 አባላት ያሉት የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው። ዜናችሁ የአሜሪካን ፍርድ ሲዘግብ «ፍርድ ቤቱ ሕጉን ሻረ» ብቻ አይበል፤ የትኛው ፍርድ ቤት፣ የፌዴራል ነው የክፍለ ግዛት፣ ይግባኝ አለበት ወይስ የለበትም የሚሉት አብረው ይጻፉ።

ሌላው በዚህ ከተማ ቤት ለቤት የሚሠራ ትምህርት ነው። አሜሪካ ያሉ እናት አባቶች የዜግነት ፈተና ሲደርስባቸው ልጆችና የእህት ልጆች ከዚህ ሆነው በስልክ ያስጠኗቸዋል። አብዛኞቹ የሚያስጠኑት በድሮው ዝርዝር ነው፦ 100 ጥያቄ፣ እስከ 10 ይጠየቃል፣ 6 የመለሰ ያልፋል። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ላመለከተ ሰው ግን ዝርዝሩ 128 ነው፤ እስከ 20 ይጠየቃል፤ 12 መመለስ አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው «መቼ ነው ያመለከትሽው?» ነው። ዕድሜያቸው 65 የሞላና በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት የቆዩ ግን ከተለዩ 20 ጥያቄዎች 10 ብቻ ይጠየቃሉ፤ 6 ከመለሱ ይበቃል፤ በአማርኛም መፈተን ይችላሉ። የፕሬዚዳንቱን፣ የአፈ ጉባኤውንና የገዢውን ስም ከድሮ ወረቀት አታስጠኑ፤ በፈተናው ቀን ሥልጣን ላይ ያለው ነው መልሱ። የሴናተሮቹ ስም ደግሞ እንደሚኖሩበት ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ ሜሪላንድ ላለችው እናት የቨርጂኒያን ማስጠናት ልፋት ነው።

ጋዜጣችሁን የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ በሳምንት አንድ ጊዜ ሩብ ገጽ ስጡን። በስተግራ የአሜሪካው ድንጋጌ በአማርኛ፣ በስተቀኝ የእኛው፣ ከታች አራቱ ጥያቄዎች። ጽሑፉን እኛ አዘጋጅተን፣ በሕግ ባለሙያ አስነብበን፣ ከኅትመቱ አስቀድመን እናደርሳለን። ሁለቱ ዓምዶች በአንድ ገጽ ላይ ይዋሉ፤ ወደ ሌላ ገጽ ከዞሩ መምህሩ በአንድ ጊዜ ሊያባዛቸው አይችልም። ፊደሉም ኮፒ ሲደረግ እንዳይደበዝዝ ከ10 ነጥብ አይነስ፤ ከበስተኋላው ጥላ ቀለም አይግባ። በመጀመሪያው ሳምንት አንቀጽ 19 ይውጣ።

ከአክብሮት ጋር
በባሕር ዳር የዜግነት ትምህርት መምህራን